ድምፄ ጋ ስትደርሱ አቁሙ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከሥራው ይብስብኛል። ዘመድ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እዚያ አገር ምን ሆነሽ ነው የምትሠሪው?» ሲለኝ «ሆስፒታል ነው» ብዬ ለማለፍ እሞክራለሁ። «ነርስ ነሽ?» አይደለሁም። «ዶክተር?» እሱንም አይደለሁም። «ታዲያ ምኑ ነው የሚደበቀው?» ይሉኛል። እናንተን እንዳላንከራትት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሐኪም የሰው አንጎል ከፍቶ ሲሠራ በሽተኛው ተኝቷል፤ «አመመኝ» ወይም «ምላሴ ደነዘዘ» ሊል አይችልም። በእሱ ፈንታ የሚናገሩት ነርቮቹ ናቸው። እኔ ፊቱ ላይ፣ ምላሱ ላይ፣ ጉሮሮው ውስጥ፣ እጅና እግሩ ላይ ቀጫጭን መርፌዎችና ሽቦዎች አደርግና የነርቮቹን ምልክት በስክሪን እከታተላለሁ። ምልክቱ ሲደክም «አቁሙ» እላለሁ። ሐኪሞቹ ይቆማሉ። በቃ፣ እንጀራዬ ይኸው ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ግን የቀረው አይገባችሁም። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ከእስሩና ከግርግሩ በኋላ እንደ ብዙ ጓደኞቼ አገር ለቅቄ ወጣሁና ጄኔቫ ገባሁ። ሻትሌን በሚባል ሰፈር ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተካፍዬ እኖር ነበር፤ ቀን ፈረንሳይኛ እማራለሁ፣ ከትምህርት መልስ ኦ ቪቭ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ። አባቴ የሞተው በዚያን ጊዜ ነው። የነገረኝ ግን አልነበረም። ስደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ይሉኛል። «አሁን ገና ሸለብ አደረገው» ይሉኛል። «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል» ይሉኛል። ብርድ መጣ ብዬ ሹራብ ገዝቼ በሰው ላክሁለት፤ ለሞተ ሰው። አንድ እሑድ ጠዋት የማውቃቸው ሰዎች ተሰብስበው ደጄ ላይ ቆመው ሳይ፣ አንዳቸውም ፈገግ ሳይሉ ሲቀሩ፣ ነገሩ ገባኝ። ለቅሶው እንኳ በቅጡ አልወጣልኝም፤ እንባዬን ንዴት ቀደመው። «እንዳትጎጂ ብለን ነው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ «እንዳትጎጂ ብለን ነው» የሚል ሰው ካጋጠመኝ ደሜ ይፈላል።

ከዓመታት በኋላ ይህን ሙያ ተማርኩና ሥራው የተገኘው ዙሪክ ስለነበር ወደዚያ ተዛወርኩ። ጀርመንኛዬ ዛሬም ፈረንሳይኛ ፈረንሳይኛ ይላል፤ የቀዶ ጥገና ክፍል ሰዎች ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነርቭ ደግነቱ ቋንቋ አይጠይቅም።

አንድ ቀን ለማግስቱ የተያዘችውን በሽተኛ ስም ሳይ ጥሩወርቅ ይላል። በዚያ ሆስፒታል ስሠራ ሐበሻ ገጥሞኝ አያውቅም ነበር። ሁልጊዜም ከቀዶ ጥገና በፊት በሽተኛውን ሄጄ አያለሁ፤ መርፌዎቹ የት የት እንደሚገቡ፣ ሲነቃ የትኛው ቦታ ሊቆጠቁጠው እንደሚችል እነግረዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሏ ገባሁ።

አርባ ዓመት የሞላት የማትመስል ቀጭን ሴት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትጎነጉናለች። አጠገቧ አንድ ጎልማሳ ቆሟል።

«እንዴት ዋሉ እትዬ ጥሩወርቅ? ራሔል እባላለሁ» ስላት እጇ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ውይ! የኛ ልጅ ነሽ?» ብላ ተነስታ ሦስቴ ሳመችኝ። «መስፍኔ፣ አየህ ጌታ ሲያዘጋጅ! ደግሞ አንቱ አትበይኝ እባክሽ፤ አላረጀሁም።»

ጎልማሳው ታላቅ ወንድሟ መስፍን ነበር። እሱ ዙሪክ አጠገብ፣ ረገንስዶርፍ ነው የሚኖረው፤ የባቡር መጠገኛ ውስጥ ሜካኒክ ነው፤ ጀርመንኛው ከእኔ በብዙ ይሻላል። እሷ ስዊዘርላንድ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጥገኝነት ስትጠይቅ የተመደበችው ጄኔቫ ነው፤ የምትኖረውም ሻትሌን። እኔ የኖርኩበትን ሕንፃ ስነግራት ሳቀች፤ ከእሷ ቤት መንገድ መሻገር ብቻ ነው። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጋት መስፍን ነው። ዙሪክ ያመጣትም እሱ ነው፤ ይህን ቀዶ ጥገና የሚሠሩት ፕሮፌሰር እዚህ ስላሉና ከአጠገቡ እንድትሆንለት።

ዕጢው ያለው የአንጎል ግንድ ላይ ነው። የአንጎል ግንድ ማለት አንጎልን በጀርባ አጥንት ውስጥ ከሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኝ፣ አውራ ጣት የማይሞላ ነገር ነው። መተንፈስ፣ መዋጥ፣ መናገር፣ ፈገግ ማለት፣ ሁሉም በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። ቤት ቢሆን ደጃፍም ጓዳም ሳይኖረው ሁሉ ሰው የሚተላለፍበት አንድ ክፍል ማለት ነው።

ስለ መርፌዎቹ ካስረዳኋት በኋላ የተለመደውን ጥያቄ ጀመርኩ።

«ስትውጪ ያስቸግርሻል? ውሃ ስትጠጪ ትን ይልሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።»

«ድምፅሽስ? ደከም ይልብሻል?»

«ደህና ነኝ።»

«ምንም የለባትም» አለ መስፍን። «ለዶክተሮቹም ነግሬያቸዋለሁ።»

እናንተም ታውቁታላችሁ። እኛ ሰዎች «እንዴት ነሽ?» ስንባል አንጀታችን ተቆርጦም ቢሆን መልሳችን አንድ ነው። ለጎረቤት ይህ ጨዋነት ነው። ለሐኪም ሲሆን ግን መዘዝ ነው፤ ፈረንጅ «ደህና ነኝ» ያለውን ሰው ደህና ነው ብሎ ይጽፋል። የምሳ ትሪዋን አየሁት። እርጎው ተበልቷል፣ ድንቹ ተፈጭቶ ተበልቷል፣ ውሃው አልተነካም። የእኔ ሥራ አልነበረም፤ ግን ብርጭቆውን አንስቼ በሁለት እጄ ሰጠኋት። እንግዳ አክብሮ የሰጣትን እንቢ የምትል ሴት አይደለችም። አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ከዚያ ሳል ያዛት፤ ዓይኗ እስኪቀላ፣ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ሳለች።

መስፍን ጀርባዋን እየመታ «ቀስ በይ ብዬሽ አልነበር!» አላት።

ብዬሽ አልነበር። ያውቃል ማለት ነው።

ሳሉ ሲተዋት ኮሪደር ላይ እንድናወራ ጠየቅሁት። በሩን ዘግቶ ተከተለኝ፤ ፊቱ ላብ ብሏል።

«ለዶክተሮቹ ለምን አልነገርካቸውም?»

«እሷ ደህና ነኝ ካለች ምን ልበል? ያለችውን ነው የተረጎምኩት።»

«እነሱ ያሉትንስ ነገርካት?»

ወደ መስኮቱ ዞሮ «የውሃ ከረጢት ነው፤ ይፈስላትና ወደ ቤቷ ትሄዳለች ብያታለሁ» አለ።

የቀረውንም እዚያው ነገረኝ፤ ነገሩ ገና አላለቀም ነበር። ፕሮፌሰሯ በመጨረሻው ቀጠሮ አንድ ከባድ ጥያቄ ጠይቀው ነበር። ዕጢው ከግንዱ ጋር ተጣብቋል፤ ሲላቀቅ የድምፅና የመዋጥ ነርቮች ምልክት ቢዳከም፣ ጥቂት ትተን እናቁም ወይስ ሁሉንም እናውጣ? ትንሽ ከተተወ አንድ ቀን ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ሁሉም ከወጣ ድምፅዋና መዋጧ ሊሄዱ ይችላሉ፤ በጉሮሮ በኩል ቱቦ፣ በሆድ በኩል ቱቦ ማለት ነው። ይህን ጥያቄ መስፍን አልተረጎመላትም። ወደ እሷ ዞሮ «እግዚአብሔር ይርዳሽ እያሉ ነው» አላት፤ እሷ «አሜን» ስትል ወደ ፕሮፌሰሯ ዞሮ «ሁሉም ይውጣ» አለ።

«መስፍን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«እሱ ለበሽተኛ የተባለ ነው፤ ለወንድም አልተባለም። እውነቱን ነግሬያት ቢላ ሳይነካት በድንጋጤ ብትሞትብኝስ? እንዳትጎዳ ብዬ ነው እኮ!»

እነሆ፣ ያቺ ቃል መጣች። ያልኩትን አሁን በደንብ አላስታውሰውም፤ አንድ ነርስ ከበር ብቅ ብላ እንዳየችን አስታውሳለሁ። መስፍን ግን አልጮኸም። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ልጅ አለቻት፤ ሶስና። ዐሥር ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ አክስታችን ጋ ናት፤ ወረቀቷ ገና አላለቀም። ትንሽ ከቀረና ካደገ እህቴ ትሞታለች። እሷ ከሞተች ልጅቷን ማን ያመጣታል? አጎት ነኝ ብል ማን ይሰማኛል? ድምፅ ባይኖራትም በሕይወት ትኑርልኝ። ይኸው ነው ጥፋቴ።» ከዚያ ዓይኔን አየኝ። «የኛ ልጅ ነሽ ብዬ ነው የነገርኩሽ። ፈረንጅ ብትሆኚ አልነግርሽም ነበር።»

አንጀቴን በላው። አልዋሻችሁም፣ ለአፍታ ዝም ለማለት ዳድቶኝ ነበር። ግን በማግስቱ ያንን ነርቭ የምከታተለው እኔ ነኝ። ምልክቱ ሲወድቅ፣ ሴትየዋ የማታውቀውን ውሳኔ በእሷ ስም ልጠብቅ ነው? ደግሞስ ነርቩ ገና ሳይነካ የደከመ ነው፤ የደከመ ነርቭ ትርፍ የለውም። ሐኪሞቹ ይህን ሳያውቁ ሊገቡ ነው። «ይቅርታ» አልኩትና ወደ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ሄድኩ።

ፕሮፌሰሯ አጭር ሴት ናቸው፤ ማይክሮስኮፑ ጋ ለመድረስ በርጩማ ላይ ይቆማሉ። የነገርኳቸውን ቁጭ ብለው ሰሙ፤ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው «እኔም እኮ ፊቷን እያየሁ ነበር» አሉ፤ «እንዲያ ያለ ጥያቄ ጠይቄያት ፈገግ ስትል ጠንካራ ሴት ናት አልኩ።» የመዋጥ ምርመራ በአስቸኳይ አዘዙ። አስተርጓሚ ቢፈለግ ለዚያ ሰዓት የሚደርስ አልተገኘም፤ ጥሩወርቅን ጠየቋት፤ «ራሔል ትሁንልኝ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ አራት ሆንን። ፕሮፌሰሯ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ጥሩወርቅ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«መስፍኔ፣ ታች ወርደህ ሻይ ጠጥተህ ና።»

«እዚህ ብሆን አይሻልም?»

«ሂድ የኔ ጌታ። ከጠዋት ጀምሮ ቆመሃል።»

ሲወጣ አላየኝም። በሩ እንደተዘጋ ጥሩወርቅ እጄን ያዘች። እጇ ይቀዘቅዛል።

«ውሃ ነው ሲለኝ አምኜው መሰለሽ?» አለችኝ። «ለውሃ ማን ይህን ያህል ሐኪም ይሰበስባል? ጄኔቫ እያለሁ ስክሪኑ ላይ አሳይተውኛል። ፈረንሳይኛ ባልችልም ዓይን አለኝ። ያመንኩ የመሰልኩት እሱ ቀና ብሎ እንዲሄድ ብዬ ነው።»

ፕሮፌሰሯ ምን እንዳለች ሲጠይቁኝ ተረጎምኩላቸው። ከዚያ ያንን ጥያቄ ከመጀመሪያው ጀምረው ጠየቋት፤ እኔም አንድ ቃል ሳላለሰልስ ነገርኳት። ቱቦውንም፣ ተመልሶ ሊያድግ መቻሉንም፣ ከተረፈችም በኋላ የፊቷ አንድ ጎን ሊወድቅ እንደሚችልም። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ተናግሬ አላውቅም ነበር። በጀርመንኛ ስለው የሥራ ቃል ነው፤ በአማርኛ ስለው ግን የገዛ ጆሮዬን ያመኝ ጀመር።

ጥሩወርቅ መናገር ጀመረች፤ የምትናገረው ለፕሮፌሰሯ ነው፣ የምታየው ግን እኔን ነው።

«ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ ነው ቤይሩት የሄድኩት። ከዚያም እዚህ። በስልክ ነው ያሳደግኋት። ሁልጊዜ ከመተኛቷ በፊት እደውላለሁ፤ ተረት እነግራታለሁ፤ አንዳንዱን ራሴ እፈጥረዋለሁ። እንቅልፍ ሲወስዳት ትንፋሿን ሰምቼ ነው የምዘጋው። ፊቴ ቢጣመም ትለምደዋለች፤ ፊቴንማ መች በደንብ ታውቀዋለች። እናቴ ብላ የምታውቀው ድምፄን ነው። ድምፄ ከጠፋ ለእሷ የዚያን ቀን ሞቻለሁ። ንገሪያቸው፤ የቻሉትን ያህል ያውጡ። ድምፄ ጋ ስትደርሱ አቁሙ በያቸው።»

ነገርኳቸው። ፕሮፌሰሯ «በእርግጥ?» ብለው ጠየቁ። «በእርግጥ» አለች። ውጤቱን ለመስፍን ራሷ እንደምትነግረው፣ ማንም እንዳይቀድማትም ጠየቀች። የመዋጥ ምርመራው በግራ በኩል ያለው ነርቭ መድከሙን አረጋገጠ፤ ፕሮፌሰሯም ዕቅዳቸውን በዚያ መሠረት አስተካከሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጥሩወርቅ ተኛች። መርፌዎቼን አስገባሁ፤ ቅንድቧ ላይ፣ ከንፈሯ ዳር፣ ምላሷ ላይ። የመተንፈሻ ቱቦው ላይ ያሉት ሽቦዎች የድምፅ አውታሯን ነክተው ተቀመጡ። በሆዷ አስተኟት፤ ፕሮፌሰሯ በርጩማቸው ላይ ወጡ። የመጀመሪያውን ምልክት መዘገብኩ። በቀኝ በኩል ሸጋ ነው። በግራ ያለው የድምፅ ምልክት ግን ገና ከመጀመሩ ግማሽ ነበር።

ረዥም ሰዓት ሁሉ ነገር ደህና ሄደ። ከመሣሪያዬ ጋር ድምፅ ማጉያ አለ፤ ነርቭ ሲነካ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ትንሽ ሲንጣጣ «ፊት» ወይም «ምላስ» እላለሁ፤ ፕሮፌሰሯ እጃቸውን ይመልሳሉ፤ ዝም ሲል ይቀጥላሉ። ዕጢው ቁራሽ በቁራሽ ወጣ። በመጨረሻ ሽንብራ የምታህል ቁራጭ ግንዱ ላይ ቀረች። ከውስጥ እየሠሩ ያሉትን በስክሪን አያለሁ፤ ነጭ ናት፣ የሚታይ ጠርዝ የላትም።

ፕሮፌሰሯ ሲነኳት ድምፅ ማጉያው ተንጣጣ።

«ድምፅ፣ ግራ» አልኩ። «አቁሙ።»

ቆሙ። ሞቅ ያለ ውሃ አፈሰሱበት። የማደንዘዣ ሐኪሙ የደም ግፊቷን ከፍ አደረገ። ሁላችንም ስክሪኔን እያየን ጠበቅን። ያቺ ደካማ ምልክት ጭራሽ ዝቅ ብላ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተመለሰች። ፕሮፌሰሯ በሌላ በኩል ሞከሩ። እንደገና ወደቀች፤ አሁን ከፊተኛው የባሰ።

«አቁሙ።»

«ማደንዘዣው እንዳይሆን?» አሉኝ ከማይክሮስኮፑ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ሽቦሽ ተንቀሳቅሶ እንዳይሆን?»

መጠየቃቸው ልክ ነው፤ መሣሪያም ይዋሻል። ሽቦዎቹን ፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። ማደንዘዣው ቢሆን ቀኙም አብሮ ይወድቅ ነበር፤ ቀኙ ንቅንቅ አላለም። ነርቩ ነው። እየተናገረ ያለው እሱ ነው።

ያኔ የመጣብኝን አልደብቃችሁም። መስፍን ታች እንደተቀመጠ አውቃለሁ። ያቺ ሽንብራ ከቀረች ነገ ከነገ ወዲያ እህቱን ልትነጥቀው ትችላለች። እኔ «ሽቦ ይሆናል» ብል ማንም አይጠይቀኝም። ሽንብራዋ ትወጣለች፤ ሴትየዋ በሕይወት ትኖራለች፤ ልጅቷ እናት ይኖራታል፤ ዲዳ እናት። ማነኝና ነው ይህን በአንዲት ቃል የምቆርጠው?

«ሽቦ አይደለም» አልኩ። «ነርቩ ነው። ምልክቱ እየጠፋ ነው።»

ፕሮፌሰሯ መሣሪያቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቆዩ። «ላወጣት እችላለሁ» አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ። «ትንሽ ናት። አሁን ላወጣት እችላለሁ።»

«ይችላሉ» አልኳቸው። «ድምፅዋ ግን አብሮ ይወጣል። ትናንት ያለችውን ሰምተዋል።»

ፕሮፌሰሯ መሣሪያውን ለነርሷ መለሱና «እንዝጋ» አሉ። እኔ ስክሪኔ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ፤ ምልክቷ በግድ በግድ ቀና አለች፤ አልሞተችም። ከክፍሉ ስወጣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደስታም ኀዘንም አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

በማግስቱ ልጠይቃት ሄድኩ። የግራ ፊቷ ወርዷል፣ ዓይኗ በደንብ አይከደንም። ስታየኝ በአንድ ጎን ፈገግ አለች።

«ራሔልዬ» አለችኝ። ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ግን ድምፅ ነው። ሳልፈልግ አለቀስኩ። እስኪወጣልኝ ጠበቀችኝና አጠገቧ እንድቀመጥ ጠቆመችኝ።

«ፕሮፌሰሯ ነግረውኛል። ትንሽ ቀርቷል አይደል?»

«ትንሽ።»

«መስፍን እንዳይሰማ። ሁሉም ወጣ ብዬዋለሁ።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ምን ማለትሽ ነው? ከትናንት ወዲያ በዚህ ነገር ከወንድምሽ ጋር ተጣልቻለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። አንቺ እንድትዋሺ አላልኩሽም፤ ዝም በይ ነው ያልኩሽ። በእናት ፋንታ፣ በአባት ፋንታ ያሳደገኝ ሰው ነው። ሚስት እንኳ ሳያገባ ነው የቀረው በእኔ የተነሳ። አሁን ደግሞ የቀረችዋን ቁራጭ እየቆጠረ እንዲያረጅ አልፈልግም። በሽታው የእኔ ነው፤ ለማን እንደሚነገር የምለው እኔ ነኝ። ከትናንት ወዲያ ይህንኑ አይደል ያስተማርሽኝ?»

ወዲያው መስፍን ገባ፤ ዓይኑ አብጧል። እሷን አላያትም፣ እኔን ነው ያየው።

«እውነት ሁሉም ወጣ?»

«እኔ ነገርኩህ እኮ» አለችው በዚያ ሻካራ ድምፅ። «ሁሉም ወጣ።»

ሰውየው አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ፊቱን አንሶላው ውስጥ ቀበረ። እኔ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ሕጉ የበሽተኛን ምስጢር አላወጣም ያሰኛል፤ በሕጉ አሳብቤ ዝም አልኩ ብላችሁ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ሕግ ባይኖርም ያንን ሰው ከተንበረከከበት ማስነሳት አልችልም ነበር። አባቴን የደበቁብኝን ሰዎች ያን ጊዜ ነው የተረዳኋቸው። ይቅር አልኳቸው አላልኩም፤ ተረዳኋቸው ነው ያልኩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ መስፍን ራሱ ደውሎ ጠራኝ። ዙሪክ ውስጥ የሚሰበሰቡባት ትንሽ ጉባኤያቸው አለች፤ የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጅቷል። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ሄድኩ። ማይክ ይዞ ቆመና «ጌታ ዕጢውን ከነሥሩ ነቅሎ ጣለላት!» አለ። ጉባኤው በእልልታ ተናጋ። ጥሩወርቅ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ «አሜን» ትላለች። ወደ እኔ ግን አንድ ጊዜም አልዞረችም። ሁሉም ቆሞ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። የሶስና ወረቀት አልቆ ጄኔቫ መጣች። ጥሩወርቅ በየጊዜው ለምርመራ ዙሪክ ትመጣለች፤ ለወንድሟ «ለጆሮዬ ነው» ትለዋለች። ያቺ ሽንብራ ብዙ ጊዜ ባለችበት ተቀመጠች። ባለፈው መኸር ግን ማደግ ጀመረች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር ብዬ እንድትፈርዱልኝ አይደለም ይህን የምጽፈው። ፍርዱን እኔም አላገኘሁትም። አንዳንድ ቀን ስክሪኔ ፊት ተቀምጬ ያቺ ምልክት ትመጣብኛለች። ፕሮፌሰሯ ያንን ቁራጭ ቢያወጡት ኖሮ እላለሁ። እውነትን ንገሩ ብሎ መጮህ ለእኔ ድሮ ቀላል ነበር፤ የተደበቀብኝ እኔ ስለነበርኩ። አሁን የምላችሁ ይህን ብቻ ነው፤ ከታማሚው የምትደብቁት ነገር ካለ፣ ታማሚውም ከእናንተ የሚደብቀው እንዳለ ጠርጥሩ። ሁላችሁም በየፊናችሁ ብቻችሁን ትፈራላችሁ። ስትፈሩ ግን አብሮ የሚፈራ ሰው ማግኘት ከመድኃኒት አይተናነስም።

ባለፈው ወር ሶስና ደወለችልኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ አማርኛዋ በፈረንሳይኛ ተከቧል።

«ታታ ራሔል፣ ማማ እንደገና ትን ይላታል። ጉንፋን ነው ትላለች። ሴ ግራቭ?» አለችኝ። ታታ ስትል አክስቴ፣ ሴ ግራቭ ስትል ከባድ ነው ወይ ማለቷ ነው። «አንቺ ታውቂያለሽ። እውነቱን ንገሪኝ።»

«እኔ ልነግርሽ አልችልም» አልኳት። «ግን እመጣለሁ። እናትሽን ስትጠይቂያት አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ቅዳሜ ባቡር ተሳፍሬ ጄኔቫ ወረድኩ፤ ሶስና ጣቢያው ላይ ተቀበለችኝ። ጥሩወርቅ በሯን ከፍታ እኔንና ከኋላዬ የቆመችውን ልጇን ስታይ ነገሩ ገባት። ፊቷ ተለወጠ፤ እንዲያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። ሳትስመኝ ወደ ሳሎን ገባች። ሶፋው ላይ ተቀመጥን፤ እሷ ቆማ ቀረች። ሶስና ጠየቀቻት፤ በፈረንሳይኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። ጥሩወርቅ ዓይኗን ከእኔ ወደ ልጇ፣ ከልጇ ወደ መስኮቱ አዞረች። «ጉንፋን ነው» ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት። ተወችው።

«ሶስናዬ» አለች በዚያ ሻካራ ድምፅ። «አጠገቤ ነይ። የምነግርሽ ተረት አይደለም።»

ነገረቻት። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ሽንብራዋ ለምን እንደቀረች ጭምር ነገረቻት። ልጅቷ ስታለቅስ አላቆመችም፤ እያለቀሰች ያዘቻትና እስከ መጨረሻው ተናገረች። ሲያልቅ ጥሩወርቅ ስልኳን አንስታ ደወለች።

«መስፍኔ» አለች። «ተቀምጠህ ነው?»